ቴሌቪዥኑና ስፒከሩ ለምን ይቀዳደማሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዕድር አዳራሽ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የሥልጠና ክፍል ወይም ኳስ የሚያሳይ ካፌ ብትገቡ ዛሬ የምታገኙት ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ሁለት ስፒከሮች። የሚነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የኮምፒውተሩ ድምፅ ከቴሌቪዥኑም ከስፒከሩም አንድ ላይ እንዲወጣ ምን እናድርግ?» የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ይህን ዕቃ ግዙ» ነው። በአዳራሽ ድምፅና በቴሌቪዥን ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አብዛኛው ዕቃ ሳይገዛ ነገሩ እንደሚሆን፣ ተገዝቶም ለምን እምቢ እንደሚል ለአንባቢ ለማስረዳት ነው።

ከሁለት ቦታ ድምፅ ማውጣት ከባድ አይደለም። የሚከብደው ሁለቱ እኩል ጆሮ ላይ እንዲደርሱ ማድረግ ነው። ስለዚህ ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ በኋላ ይከፈል እንጂ ከቴሌቪዥኑ በፊት አይከፈል። ላፕቶፑ ለቴሌቪዥኑ ብቻ ይስጥ፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብል። ሻጮች የሚመክሩት አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ተቃራኒ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን የመጣለትን ምስል እንደመጣ አያሳይም። ያጠራዋል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፣ ለመስተዋቱ ልክ ያሰፋዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ (1000 ሚሊ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው)፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይበልጣል። የተናጋሪው ከንፈርና ድምፅ እንዳይለያዩ የራሱን ስፒከር ድምፅም በዚያው ልክ ያቆየዋል። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ (ጃክ) በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ የሄደው ድምፅ ግን ማንንም አይጠብቅም። ውጤቱ ተቀባዮቹ ከአውጪው ቀድመው የጀመሩት መዝሙር ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «ድምፁ ያስተጋባል» ይላል፤ ባለ ሚክሰሩ ኢኮውን ያጠፋል፣ ትሬብሉን ይቀንሳል፣ ምንም አይለወጥም። ችግሩ የጊዜ እንጂ የድምፅ ጥራት አይደለም።

ጆሯችን በዚህ ረገድ ቸር ነው፤ ቸርነቱ ግን ወሰን አለው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ንግግር ከሁለት ስፒከር ሲወጣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ጆሮ ከመጀመሪያው ጋር አዋህዶ እንደ አንድ ይሰማዋል። 50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲያልፍ ግን የገደል ማሚቶ መሆን ይጀምራል። በዚህ ላይ የአየሩን መንገድ ጨምሩበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ማለት ለአንድ ሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሆኖ ሌላ ስፒከር ከ15 ሜትር በኋላ አዳራሹ ጀርባ ላይ ከተሰቀለ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያለውን ስፒከር ሰምቶ የቴሌቪዥኑን ከ44 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ በራሱ 80 ከዘገየ ልዩነቱ 124 ይደርሳል። ይህን ያህል ሲሆን ንግግር ማዳመጥ ያደክማል፤ ዐረጋውያን ደግሞ ጭራሽ ቃሉን ይስቱታል።

እንግዲህ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ እንሂድ። ሲገዛ ማንም አያየውም፤ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ለማየት መሰላል ያስፈልጋል። የድምፅ መውጫ ሊሆኑ የሚችሉት አራት ናቸው፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ቀይና ነጭ መውጫ፣ ኦፕቲካል እና ኤአርሲ የተጻፈበት ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት ሶኬት)። መጀመሪያ ልብ መባል ያለበት ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ሆነው ሦስት የተደረደሩት አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ መሆናቸው ነው። ጎናቸው «ኢን» የሚል ከሆነ ስንት ገመድ ቢሰካባቸው ድምፅ አይወጣቸውም፤ «አውት» የሚለውን ነው መፈለግ።

ቀይና ነጭ መውጫ ከተገኘ ሥራው አለቀ፤ ያንን ወደ አምፕሊፋየሩ ወይም ወደ ሚክሰሩ መውሰድ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ግን እየጠፋ ነው።

የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ጣጣው ገመዱ ሲሰካ የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ዝም ማለቱ ነው፤ ለዚያ ነው የተሠራው። አንዳንድ ሞዴሎች በድምፅ ሜኑ ውስጥ ሁለቱን አብረው የሚያሠሩበት ምርጫ አላቸው፤ በብዙ የኤልጂ ቴሌቪዥኖች የውስጡን ስፒከር ከጆሮ ማዳመጫው ወይም ከኦፕቲካሉ ጋር ማጣመር ይቻላል። ምርጫው ሜኑ ውስጥ ከሌለ በገመድ ብልኃት አይመጣም። ግማሽ ድረስ ብቻ መሰካት የሚባለውን ዘዴ አትሞክሩት፤ አንድ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ይንቋቋል፣ ግራና ቀኙም ይምታታል። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ይህ ቀዳዳ «ፊክስድ» እና «ቬሪየብል» የሚባል ምርጫ አለው። ፊክስድ ላይ ከሆነ ሪሞቱ አይነካውም፤ ድምፁ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። አምፕሊፋየሩን ዜሮ ላይ ሳያደርጉ መሰካት ስፒከርም ጆሮም ይጎዳል።

እኛ የምንመርጠው ኦፕቲካሉን ነው። ካሬ መሳይ ትንሽ በር አለው፤ ቴሌቪዥኑ ሲበራ በበሩ ስንጥቅ ቀይ ብርሃን ይታያል። በብዙ ቴሌቪዥኖች የውስጥ ስፒከሩ እየሠራ ሳለ ኦፕቲካሉም ድምፅ ይለቃል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ሌላ ጥቅምም አለው። ገመዱ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ ስለሆነ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በኋላ የምናነሣው እምምም የሚል ድምፅ በዚህ መንገድ አይመጣም። አምፕሊፋየሩ የኦፕቲካል መግቢያ ከሌለው፣ የአብዛኛው አዳራሽ ደግሞ የለውም፣ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ያስፈልጋል። በ5 ቮልት ትሠራለች፤ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ መብራት ብትወስድ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። ከሳጥኗ በቀይና ነጭ ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ።

ሳጥኗ «አልሠራም» የምትባልበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የኦፕቲካል ገመዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ የፕላስቲክ ቆቦች ሳይወልቁ መሰካታቸው ነው። ገመዱን ከሚገዙት ሰዎች ብዙዎቹ የገመዱ አካል ይመስሏቸዋል። ሁለተኛው፣ ቴሌቪዥኑ ዲጂታል ድምፁን ዶልቢ በሚባለው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ጠቅልሎ መላኩ ነው። ርካሿ ሳጥን ጥቅሉን መፍታት አትችልም፤ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ እንደ ጣቢያ የሌለው ራዲዮ ትንጫጫለች። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሜኑ ውስጥ «ዲጂታል ሳውንድ አውት» ወይም መሰሉን ፈልጎ «ፒሲኤም» (ያልተጠቀለለ ድምፅ) ላይ ማድረግ ነው። ሳጥን መቀየር አያስፈልግም። በኦፕቲካል የሚወጣው ድምፅ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ስለሆነ ሪሞቱ የቴሌቪዥኑን ስፒከር ብቻ ያዛል፤ የአዳራሹን አምፕሊፋየሩ ያዛል። ይህ ለአሠራር ይመቻል፤ ፊት የተቀመጡት «ቀንሱልን» ሲሉ ከኋላ ያሉት አይቀነስባቸውም። ጥቂት ልዩነት ከቀረ ደግሞ «ኤቪ ሲንክ» ወይም «ኦዲዮ ዲሌይ» በሚባለው ማስተካከያ በ10 በ10 ሚሊ ሰከንድ እየነኩ ማቀራረብ ይቻላል።

ኤአርሲ ግን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ሲሆን ድምፅን በዚያው ገመድ ወደ ሳውንድባር (ቴሌቪዥን ሥር ወደሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ይመልሳል። ሳውንድባሩ ሲበራ ቴሌቪዥኑ የራሱን ስፒከር እንዲዘጋ ታስቦ ስለተሠራ ሁለቱን አብሮ ለማሠራት የሚሞክር ሰው ከዕቃው ጋር ትግል ይገጥማል። ቤት ውስጥ ሳውንድባር ብቻውን ለሚበቃው ሰው ግን ከሁሉም የተሻለ ነው።

ቴሌቪዥኑ ምንም መውጫ ባይኖረውስ? ያኔ ኮምፒውተሩ ራሱ ለሁለት መስጠት አለበት። ዊንዶውስ ብቻውን ከተተወ ድምፁን ለአንድ መውጫ ብቻ ነው የሚሰጠው። ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ቴሌቪዥኑን እንደ አዲስ የድምፅ ካርድ ቆጥሮ ወደዚያ ይዞራል፤ ጃኩ ላይ ያለው ስፒከር ዝም ይላል፤ ሰውም «ስፒከሩ ተቃጠለ» ይላል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ደግሞ ድምፁ ወደ ስፒከሩ ይመለሳል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አብርቶ፣ ትክክለኛውን መግቢያ መርጦ፣ ከዚያ ላፕቶፑን መክፈት ግማሹን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሁለቱን ለማሠራት በዊንዶውስ ውስጥ ያለው አሮጌ ዘዴ «ስቴሪዮ ሚክስ» ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያጫውተውን ድምፅ እየቀዳ ለሌላ መውጫ ያሳልፋል። ወደ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ሳውንድ» የሚለውን ክፈቱ፤ በዊንዶውስ 11 በሴቲንግስ ውስጥ ከሲስተምና ከሳውንድ በታች «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለው እዚያው ያደርሳል። በ«ፕሌይባክ» ገጽ ላይ የላፕቶፑን ስፒከር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪልቴክ የሚለውን፣ «ዲፎልት» አድርጉት። ቀጥሎ «ሪከርዲንግ» ወደሚለው ገጽ ሂዱ፤ ባዶው ቦታ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» በሉ። ስቴሪዮ ሚክስ ደብዝዞ ብቅ ይላል፤ «ኢኔብል» አድርጉት። ፕሮፐርቲሱን ከፍታችሁ «ሊስን» በሚለው ገጽ «ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ» ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከሥሩ ካለው ዝርዝር ቴሌቪዥኑን መርጣችሁ «አፕላይ» በሉ። ዝርዝሩ ላይ ስፒከሩን ራሱን ከመረጣችሁ ድምፁ ወደ መጣበት ተመልሶ ይዞራል፤ ይደራረባል፣ ይጮኻል። ስቴሪዮ ሚክስ የሚቀዳው በሪልቴክ ካርድ ላይ የሚያልፈውን ብቻ ስለሆነ ዲፎልቱን ቴሌቪዥን ያደረገ ሰው ከሁለቱም አብሮ አያገኝም፤ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ስፒከሩ አይናገርም።

ስቴሪዮ ሚክስ ጭራሽ ካልታየ ዊንዶውስ ራሱ የጫነው አጠቃላይ ድራይቨር (የድምፅ ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ነው ያለው ማለት ሊሆን ይችላል። የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ያወጣውን የሪልቴክ ድራይቨር መጫን አንዳንዴ ያመጣዋል፤ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን አምራቹ አውጥቶታልና አይመጣም። ሁለቱም መውጫዎች በ«አድቫንስድ» ገጽ ላይ 16 ቢት፣ 48000 ኸርዝ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ አንዱ 44100 ሆኖ ሲቀር የድምፅ መቆራረጥ ይመጣል።

በዚያው «ሊስን» ገጽ ግርጌ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ኃይል ለመቆጠብ በራሱ እንዲዘጋ ወይም በባትሪም እንዲቀጥል የሚያደርግ ምርጫ ነው። መብራት በሚሄድበትና ጄኔሬተር በሚነሣበት አዳራሽ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። መብራቱ ተመልሶ ቴሌቪዥኑ ቢበራም የላፕቶፑ ቻርጀር የተሰካበት ዲቫይደር ካልበራ ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ነው፤ የቴሌቪዥኑም ድምፅ ጠፍቶ ይቀራል። «በባትሪም ይቀጥል» የሚለው ላይ አድርጉት።

ይህ መንገድ በራሱ ተጨማሪ መዘግየት ያመጣል። ስቴሪዮ ሚክስ ቀድቶ እስኪያሳልፍ በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ስፒከሩን ማዘግየት ግድ ይላል፤ ዊንዶውስ ለዚህ ማስተካከያ የለውም። ቮይስሚተር ባናና የተባለው ፕሮግራም ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቪቢ ኦዲዮ የሚያወጣው ሲሆን በነፃ ተጭኖ የወደደ ሰው የሚከፍልበት ነው። ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 የሚባሉ ሦስት መውጫዎች አሉት። የዊንዶውስን ዲፎልት ወደ ቮይስሚተር መግቢያ ታዞራላችሁ፤ ኤ1 ላይ ስፒከሩን፣ ኤ2 ላይ ቴሌቪዥኑን ትመርጣላችሁ፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ በሚገባበት ቻናል ላይ የኤ1ንና የኤ2ን ቁልፎች ታበራላችሁ። በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ለየመውጫው የመዘግየት መጠን በሚሊ ሰከንድ መስጠት ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ስለማይፈጥን የሚዘገየው ስፒከሩ፣ ማለትም ኤ1 ነው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ የኮምፒውተሩ ድምፅ በሙሉ ስለሚጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ አድርጉት።

ማክ ላይ ይቀላል። በዩቲሊቲስ ውስጥ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚለውን ከፍቶ፣ ከታች በግራ የመደመር ምልክቱን ተጭኖ፣ «መልቲ አውትፑት ዲቫይስ» መፍጠርና ቴሌቪዥኑንና ስፒከሩን መምረጥ ነው። ከሁለቱ ዋና ካልሆነው ጎን «ድሪፍት ኮሬክሽን» ላይ ምልክት ይደረግ። ሁለት የድምፅ ካርዶች ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው፤ አንዱ በሴኮንድ በጥቂቱ ቢፈጥን ከአንድ ሰዓት ፊልም በኋላ መራራቃቸው ይሰማል። ይህ ሲመረጥ የማኩ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎች አይሠሩም፤ ብልሽት አይደለም፤ መጠኑን በአምፕሊፋየሩና በሪሞቱ ማስተካከል ነው።

ልዩነቱን በጆሮ ብቻ መገመት ያሳስታል። በሰከንድ አንዴ «ታክ» የሚል ድምፅ ክፈቱ። ከቴሌቪዥኑና ከአንዱ ስፒከር እኩል ርቀት ላይ ቁሙ። «ታክ» ከሆነ ደህና ነው፤ «ታ-ታክ» ከሆነ ልዩነት አለ። ትክክለኛውን ቁጥር የፈለገ ስልኩን እዚያው ነጥብ ላይ አስቀምጦ ይቅዳ፤ ቅጂውን ሞገድ በሚያሳይ ፕሮግራም ቢከፍተው ሁለት ጫፎች ያያል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሚሊ ሰከንድ ለኤ1 የሚሰጠው ቁጥር ነው። ቴሌቪዥኑ «ጌም ሞድ» ካለው መጀመሪያ ያንን ያብሩ፤ የምስል ማጥሪያው ስለሚቀንስ መዘግየቱ በብዙ ይወርዳል፤ ንግግር ለማሳየት ደግሞ የምስሉ ውበት የሚጎድለው ነገር የለም።

ሻጮች የሚያቀርቧት ሌላ ሳጥን ከኤችዲኤምአይ ድምፅ የምታወጣው ናት። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ ትቀበላለች፤ በሌላው ኤችዲኤምአይ ለቴሌቪዥኑ፣ በጃክና በኦፕቲካል ደግሞ ድምፅ ትሰጣለች። በአግባቡ ትሠራለች። ድምፁን የምታወጣው ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት ስለሆነ ያው መቀዳደም ይመጣል። የቴሌቪዥኑን ስፒከር ዘግቶ በስፒከሩ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ጠቃሚ ናት። ጎኗ ላይ ያለው ትንሽ ማብሪያ «2 ቻናል» ላይ ካልሆነ ኮምፒውተሩ 5.1 (ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ድምፅ) ይልክና ንግግሩ ይጎድላል።

ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ቪጂኤ በሚባለው የምስል ገመድ ሲያያዝ ገመዱ ድምፅ አይዝም። ያኔ ከጃኩ በአንድ ለሁለት መክፈያ አንዱን ወደ ስፒከሩ፣ አንዱን ወደ ቴሌቪዥኑ የፒሲ ድምፅ መግቢያ መውሰድ ይቻላል። አንድ መውጫ ለሁለት መግቢያ መክፈል ጉዳት የለውም። ተቃራኒው ግን፣ ማለትም ሁለት መውጫ በዚያው መክፈያ ወደ አንድ መግቢያ ማስገባት፣ አንዱ ሌላውን እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ዕቃውም ሊጎዳ ይችላል። «ሁለት ባላ ትከል» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም።

ሚክሰር ባለበት ቤት የሚታየው ስሕተት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግራ ያጋባል። ባለ ሁለት ቀለበት ትንሹን ስቴሪዮ ጃክ በመቀየሪያ ትልቅ አድርገው አንድ የማይክ ቻናል ላይ ይሰኩታል። የዘፈኑ ክራርና ከበሮ ይሰማል፣ ድምፃዊው የለም። በዙም ሲሆን ጭራሽ ምንም የለም፤ ሰውየው አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ። ምክንያቱ የሚክሰሩ ባላንስድ መግቢያ የግራውን ከቀኙ ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ማሳለፉ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል ያለው ድምፅ፣ ንግግር ማለት ነው፣ ተቀናንሶ ዜሮ ይሆናል። መፍትሔው ከአንድ ትንሽ ጃክ ወደ ሁለት ትልልቅ ሞኖ ጃክ የሚከፈል ገመድ ገዝቶ በሁለት ቻናል ወይም በስቴሪዮ ቻናሉ ግራና ቀኝ መሰካት ነው። አንድ ቻናል ብቻ ከተረፈ ብየዳ የሚችል ሰው በግራውና በቀኙ መስመር ላይ ከ470 እስከ 1000 ኦም የሆነ አንዳንድ ሬዚስተር አስገብቶ ያጣምራቸው። ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልት የሚለው፣ ለማይክ ኃይል የሚልከው ቁልፍ መጥፋቱን ሳታዩ ላፕቶፕን በማይክ ሶኬት አታያይዙ።

እምምም የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከመብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ ከመድረክ ጀርባ በሌላ ሶኬት፣ ቴሌቪዥኑ በሦስተኛ ሆኖ በድምፅ ገመድ ሲያያዙ በመካከላቸው ባለው የኤርዝ ልዩነት ምክንያት ገመዱ ላይ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ፈተናው ቀላል ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ከቆመ ምንጩ እሱ ነው። ካልቆመ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከሪሲቨሩ የዲሹን ገመድ ንቀሉ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሳህን ከሕንፃው ብረት ጋር ስለተያያዘ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። መድኃኒቱ ሦስቱንም ከአንድ ዲቫይደር ማብራት፣ እሱ ካልበቃ በድምፅ ገመዱ መካከል ትራንስፎርመር ያለበትን መለያ ማስገባት ነው። ገመዱ ከ5 ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዲአይ ቦክስ (የላፕቶፑን ድምፅ ለማይክ ገመድ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ይሻላል፤ ሃም የሚባለውን ይህን እምምምታም ይለያል፣ በማይክ ገመድ 30 ሜትር ቢሄድም አይደክምም። የአምፕሊፋየሩን የኤርዝ እግር ቆርጦ ማውጣት ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሃም ጠፋ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ኤርዝ በሌለበት ሶኬት የተሰካ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ብረታቸው ሲነካ የሚነዝረው በውስጣቸው ባሉ የማጣሪያ ካፓሲተሮች በኩል ከ220ው ግማሽ ያህል ስለሚንጠባጠብ ነው። የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፤ የኤችዲኤምአይ ሶኬትን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ገመድ የሚሰካው ሁለቱም ዕቃዎች ከመብራት ተነቅለው ነው። የተቃጠለ ኤችዲኤምአይ ሲገጥማችሁ ከገመዱ በፊት ሶኬቱን ጠርጥሩ።

ብሉቱዝ ስፒከር ለዚህ ሥራ አይመከርም። ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ ቴሌቪዥኑን በልጦ የሚዘገይ ብቸኛው ዕቃ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ዘመድ የሚገባባቸው የዙም ስብሰባዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የዙም ማሚቶ ማጥፊያ ከአንድ ስፒከር የሚመለስን ድምፅ በደንብ ይቀንሳል፤ ከሁለት ቦታ በተለያየ ጊዜ ሲመለስበት ግን ይሳሳታል፤ ሩቅ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ ይሰማል። ስቴሪዮ ሚክስ ያበራ ሰው ደግሞ ዙም ውስጥ ማይኩ ስቴሪዮ ሚክስ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ከሆነ ተሳታፊው የላከውን ሁሉ መልሶ ይቀበላል። በስብሰባ ጊዜ የቴሌቪዥኑን ስፒከር ዝም ማሰኘት ነው የምንመክረው። እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው አዳራሽ የቴሌቪዥኑ ሁለት ባለ 10 ዋት ስፒከሮች ከፊት ሁለት መስመር አያልፉም፤ የአዳራሹ ስፒከር በትክክል ከተቀመጠ አይናፈቁም። ሁለቱን አብሮ ማሠራት ትርጉም የሚኖረው ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡ ሰዎች ሲኖሩ ወይም ስፒከሮቹ ከነሱ ጀርባ ሲሆኑ ነው።

በመጨረሻ ለዕቃ ገዢ ኮሚቴዎች አንድ ጥያቄ አለን። ቴሌቪዥን ስትገዙ «ስንት ኢንች ነው?» ብላችሁ አትመለሱ፤ ሱቁ ውስጥ እያለ ጀርባውን አዙራችሁ ኦፕቲካል ወይም «ኦዲዮ አውት» እንዳለው እዩ፤ በድምፅ ሜኑው ውስጥም የውስጡን ስፒከር ከውጪው ጋር የሚያጣምር ምርጫ መኖሩን ሻጩ ከፍቶ ያሳያችሁ። ሻጮችም ዋጋው በሚለጠፍበት ወረቀት ላይ የድምፅ መውጫዎቹን ቢጽፉ ወጪ የለውም። ሲሰቀልም ከግድግዳው ጋር ከመጣበቁ በፊት የኦፕቲካል ገመዱ፣ ቆቦቹ ወልቀው፣ ተሰክቶ ይውረድ፤ ኦፕቲካል ገመድ ሹል ተደርጎ ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራልና በማዕዘን ላይ ሰፋ ያለ መዞሪያ ይሰጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዳራሽ ድምፅና በቴሌቪዥን ጥገና የተሰማሩ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ